ድምፅ ያጣ ፊደልና ፊደል ያጣ ድምፅ



በመኝታ ቤትም ሆነ በሻይ ቤት የቋንቋ ክርክር በተነሣ ቍጥር ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሀሌታው «ሀ» እና በሐመሩ «ሐ»፣ በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» ላይ ነው። አንዱ ወገን «ይቀነሱ» ይላል፤ ሌላው «የአባቶች ቅርስ አይነካም» ብሎ ይነሣል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተውታል እንላለን።

የድምፅ ጥናት፣ ፎኖሎጂ የሚባለው፣ መነሻው ቀላል ነው። ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ለቋንቋ እኩል አይቈጠርም፤ የሚቈጠረው በሌላ ሲተካ ትርጕም የሚለውጠው ነው። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጣ»ን ስንል ጕሮሮ ተዘግቶ ድምፁ ፈንድቶ ይወጣል፣ «ታ»ን ስንል አይዘጋም። ይህች ታህል ልዩነት መጪውን ከመቺው ትለያለች። ሐመሩን «ሐ» በሀሌታው ብንተካው ግን በዐማርኛ ጆሮ የሚሰማ ለውጥ የለም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን ሌባ ሆነ ማለት ነውና ልዩነቱ ታሪክ አለው፤ የትግርኛ ተናጋሪ ጓደኞቻችንም «ሐ»ንና «ዐ»ን እስከ ዛሬ ለይተው ይናገራሉ። በዐማርኛ የቀረልን ለዓይን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተረሳው እንምጣ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ነው። «ልጁ ይመታል» ተብሎ ቢጻፍስ? ላልቶ ከተነበበ ዱላው በልጁ እጅ ነው፤ ከጠበቀ ዱላው የሚያርፈው በልጁ ጀርባ ላይ ነው። በዳይና ተበዳይ የሚለዩበት ድምፅ በፊደላችን ምልክት የለውም! የሚገርመው ደግሞ በዐማርኛ ከ«ሀ» እና ከ«አ» በቀር ተነባቢው ሁሉ ይጠብቃል፤ የምንጣላው ግን ይበልጡን በነዚሁ በሁለቱ ዘመዶች ነው።

«ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል» የሚሉን አሉ። ይታወቃል፤ ቋንቋውን ከእናቱ ጋር ለጠጣው። ዐማርኛን ከመጽሐፍ ለተማረው ጓደኛችን ግን መጽሐፉ ራሱ ደብቆታል። ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያነብ የሚጠብቀውን ቢያላላው እንሥቅበታለን፤ ያልተጻፈለትን ከየት አምጥቶ ያንብብ?

መድኀኒቱ አዲስ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። ልብ ወለዱን አነበብን፣ ወደድን፤ ነጥቧን ግን ማንም አልተከተላትም ለማለት ይቻላል። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. በይፋ የተቀበለው ቁቤ ግን ተነባቢውን ሁለት ጊዜ በመጻፍ መጥበቁን ያሳያል። «ባዳ» ላልቶ መጥፎ፣ ጠብቆ ደጋ ነው፤ በቁቤ ማንም አያምታታቸውም።

በያንዳንዱ ቃል ላይ ነጥብ ይደርደር አንልም፤ ገጹ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ሁለት ንባብ በሚያስከትለው ላይ ብቻ ይደረግ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከሚመጣው እትም ጀምረው ከመባዛቱ በፊት ነጥቧን በእጅ ቢያስቀምጡ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ሰው ከጠፋ እኛ ብዕራችንን ይዘን እንመጣለን።