ጣት ተቆርጦ ውለታ ይቆጠራል?

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ ጋምቤላ ሄጄ ነበር። የየካቲትን የጋምቤላ ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። በዚያ ሙቀት፣ 10ኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅ ባሮ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር አገኘሁት። ሰላም ስለው ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ቆየት ብሎ ራሱ አሳየኝ። ሁለት ጣቶቹ የሉም። በቀን ሥራ በገባበት እንጨት ቤት ክብ መጋዙ ነው የወሰዳቸው። የመጋዙ መከለያ “ሥራ ያዘገያል” ተብሎ ከተነሳ ቆይቷል አሉ።

“አሠሪዬ ግን ጥሩ ሰው ነው” አለኝ። “ሆስፒታል ከፈለልኝ፣ የሁለት ወር ደመወዝም ጨመረልኝ፣ እግዜር ይስጠው።” ከዚያስ? “ከዚያማ በዚህ እጅ ምን እሠራለሁ ብለህ? ቀረሁ።”

እውነቱን ልናገር፣ እኔም “ደግ ሰው ነው” ብዬ ተለያየን። ግቢ ስመለስ እንዲያውም ለዜና አጻጻፍ ኮርስ “አሠሪው የተጎዳ ሠራተኛውን ረዳ” ብዬ ጻፍኩት። መምህራችን ከሥሩ “ሕጉ ምን ይላል?” ብለው ጽፈው መለሱልኝ። አፈርኩ። ሄጄ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩ።

አዋጁ እንዲህ ይላል። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ካልጣሰ ወይም ሰክሮ ካልገባ በስተቀር “አልተጠነቀቅክም” ማለት አያዋጣም። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካሉ በአሠሪው ወጪ ነው። ከሥራ ውጭ ሆኖ ለሚቆይበት ጊዜ፣ እስከ 1 ዓመት ድረስ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነስ? በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የ5 ዓመት ደመወዙን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሞች በሚወስኑት መቶኛ መጠን ያገኛል። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሰው የ5 ዓመቱ 180,000 ብር ነው። ጉዳቱ 10 በመቶ ነው ቢባል 18,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ብዙ አይደለም። ግን ገንዘቡ የራሱ ነው። ሲቀበል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

“የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ወረቀት የለኝም” የሚለውስ? የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ሠራተኛውን በአዋጁ ከተሰጠው መብት አያጎድልም። ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ግን ጊዜ አለው። ጠቅላላው የይርጋ ጊዜ 1 ዓመት ነው።

“ትንሽ እንጨት ቤት ያለው ሰውዬ ከየት ያመጣል?” የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የእኛ ከተማ አሠሪዎች ብዙዎቹ ሀብታም አይደሉም። ታዲያ መከለያውን መልሶ መግጠም ይቀልለዋል፤ ለሠራተኞቹ መድን መግባትም ይችላል። የአሠሪው ኪስ መሳሳት የልጁን ጣት ርካሽ አያደርገውም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልምጣ። ስለ ጋምቤላ ኢንቨስትመንት ያነበብኩት ሁሉ ስለ ሄክታር ነው። ካሩቱሪ 100 ሺህ ሄክታር ወሰደ፣ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ተቋረጠ… ጥሩ፣ ይጻፍ። ማሽኑን ስለሚነካው እጅስ? አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። በእንጨት ቤቱ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በግንባታው ላይ የሚሠራው ብዙው ሰው ግን ቤቱ የሚያወራው በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ ወይም በመዠንግርኛ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገሩ ልጆች አሉ። ለሬዲዮ ፕሮዳክሽን የክፍል ሥራ ከምናዘጋጃቸው ዝግጅቶች አንዱን የአምስት ደቂቃ የሠራተኛ መብት ፕሮግራም ብናደርገው ምን ይጎድለናል? መምህራን ሆይ፣ ፍቀዱልን!

ልጁ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና “ብከስሰው ነገ ማን ይቀጥረኛል?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ከተጎዳ ስምንት ወር አልፎታል፤ አራት ወር እንኳ አልቀረውም። የሚቀጥለው እረፍት ሲደርስ አብሬው ችሎቱ ድረስ ልሄድ ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሱም “እስቲ እናያለን” ብሎኛል። ያንን ዜናዬን ግን “ረዳ” የሚለውን ቃል አውጥቼ እንደገና ጽፌ አስረክቤያለሁ።

ቸር ያሰማን!