መጀመሪያ እጅ ይጠንክር

የአርሲ ደጋ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው እግርና ሳንባን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህ ምድር የበቀሉ ናቸውና አያስገርምም። ይሁን እንጂ ዛሬ በአሰላ መንደሮች ብረት የሚያነሡ ወጣቶችም ጥቂት አይደሉም። መሣሪያቸው በአብዛኛው የውሃ ቱቦ ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ጣሳ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ደርቆበታል። ከሚሠሯቸው እንቅስቃሴዎች ከባዱ ክብደቱን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ማለትም «ዴድሊፍት» ነው።

በቅርቡ አንድ ተማሪ ይህን ሲሠራ ተመለከትሁ። የአንዱ እጁ መዳፍ ወደ ራሱ፣ የሌላው ደግሞ ወደ ፊት ዞሯል። ምክንያቱን ብጠይቀው «በቪዲዮ ያየኋቸው ጎበዞች ሁሉ እንዲህ ነው የሚይዙት» አለኝ። ልምምድ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ መልስ ነው። በእኔ እምነት ጀማሪ ይህን አያያዝ መልመድ የለበትም።

ነገሩን ከፊዚክስ እንጀምር። 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ወደ 1,200 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ወደ መሬት ይሳባል፤ እያንዳንዱ እጅ የሚሸከመው 600 ኒውተን ያህሉን ነው። ብረቱን በእጅ ውስጥ የሚያቆየው የጣቶች ጥንካሬና ሰበቃ ነው። ሁለቱም መዳፎች ወደ ሰውነት ሲዞሩ፣ ክብ የሆነው ብረት በሁለቱም እጆች ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ተንከባልሎ ጣቶችን ሊከፍት ይሞክራል። አንዱ መዳፍ ሲገለበጥ ግን ብረቱ በአንዱ እጅ ሊንከባለል የሚሞክርበትን አቅጣጫ ሌላው እጅ ይገታዋል። ቅልቅሉ አያያዝ የበለጠ ክብደት የሚያስችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥቅም ግን ዋጋ ያስከፍላል። በላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው ባይሴፕስ የተባለው ጡንቻ ሁለት ሥራ አለው፤ ክርንን ያጥፋል፣ መዳፍንም ወደ ላይ ይገለብጣል። መዳፉ ወደ ፊት የዞረ ሰው ክርኑን ጥቂት አጥፎ ብረቱን በድንገት ቢነጥቅ፣ ጡንቻው ለማጠር ሲታገል ክብደቱ በግድ ይስበዋል። በዚህን ጊዜ ጡንቻውን ከክርን በታች ካለው አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሊበጠስ ይችላል። በዴድሊፍት ጊዜ ይህ ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው በተገለበጠው ክንድ ላይ ነው። ጅማቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልተጠገነ በኋላ መጠገኑ ይከብዳል፤ ብሎን የማጥበቅ ዓይነት የመጠምዘዝ ጉልበትም በእጅጉ ይቀንሳል። አካፋ ለሚይዝ፣ እህል ለሚጭን ቤተሰብ ልጅ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በዚህ ላይ የመሣሪያችን ጠባይ ይጨመራል። ለወንዶች የክብደት ማንሣት ውድድር የተሠራ ብረት ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንዳያንሸራትት ገጹ ሻካራ ተደርጓል፤ ክብደቱ የሚገባበት ጫፉም ለብቻው ይዞራል። «ባለ አንድ ኢንች» የምንለው የውሃ ቱቦ ግን የውጭ ውፍረቱ ወደ 34 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ገጹም ልሙጥ ነው። ሲሚንቶው ከቱቦው ጋር አንድ ሆኖ ስለደረቀ፣ እርሱ በዞረ ቁጥር ቱቦውም በእጅ ውስጥ ይዞራል። በአሰላ ብርዳማ ማለዳ የቀዘቀዙ ጣቶች ደግሞ የመጨበጥ ኃይላቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ከቱቦ ጋር የሚታገል ወጣት በቪዲዮ ካየው ሰው ጋር ራሱን ማወዳደር አይገባውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም መዳፎች ወደ ሰውነት ይዙሩ፤ ክርኖች ቀጥ ይበሉ፤ ብረቱም ሳይነጠቅ በዝግታ ከመሬት ይላቀቅ። እጅ የማይችለው ክብደት ለጊዜው ይቆይ። ጡንቻ በፍጥነት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ በድካም የሚከፈቱ ጣቶች ይህን ልዩነት የሚያስታውሱ ታማኝ ዳኞች ናቸው። ላብን ለመምጠጥ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ማግኒዥየም ካርቦኔት ይበጃል፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ብዙውን ጊዜ ከጀሶ ስለሚሠራ አይተካውም። ማግኒዥየም ካርቦኔት ከሌለ እጅን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይሻላል።

«ጀርባዬና እግሬ ከእጄ ይበልጥ ጠንካሮች ናቸው፤ ለምን እጄ ያግደኛል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓመት ያህል ለሠራ ሰው መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው «መንጠቆ» አያያዝ ነው፤ አውራ ጣት በብረቱ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ጠቋሚና የመካከል ጣት ይደረቡበታል። ያምማል፤ ሆኖም መዳፍ ሳይገለበጥ ብረቱን ይቆልፈዋል። የኦሊምፒክ ክብደት አንሺዎችም የሚጠቀሙበት ነው። ሁለተኛው የእጅ አንጓን ከብረቱ ጋር የሚያያይዝ የጨርቅ ማሰሪያ ነው። ይህ አያሳፍርም፤ አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብየርንሶን እ.ኤ.አ. በ2020 501 ኪሎ ግራም ያነሣው በማሰሪያ ነው።

በቅልቅል አያያዝ ለዓመታት ሠርተው ጉዳት ያልደረሰባቸው ብዙዎች መኖራቸውን አልክድም፤ አደጋው በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም። ማሰሪያ በማይፈቀድበት ውድድር የሚሳተፍ ሰው ክርኑን ሳያጥፍ ቢጠቀምበት አልቃወምም። የምቃወመው ጀማሪው ይህን አያያዝ የጉብዝና ምልክት ማድረጉን ነው።

በገበያ ቀን የእህል ጫኞችን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መጨበጫ የሌለውን ባለ 100 ኪሎ ኩንታል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ይዘው በሦስተኛው ትከሻ ላይ ያሳርፉታል። ጉልበታቸውን የሚጠራጠር የለም፤ ነገር ግን እጅ የማይችለውን ብቻቸውን አይታገሉም። የደጋችን ሯጮችም ለድል የበቁት ርቀትን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ነው። ብረት የምታነሡ ወጣቶችም በዚያው መንገድ ብትሄዱ፣ ዛሬ በዕድሜያችሁ የምትኮሩበት ክንድ ነገም ያገለግላችኋል።