የማን ድጓ ነው የምታዳምጡት?

ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍሎቻችን አንድ ጥያቄ ሲዞር ያመሻል፤ «ዛሬ ምን እያዳመጥህ ነው?» ይባባላሉ። ጠያቂዎቹ የክላሲካል ሙዚቃ አፍቃሪ ነን የሚሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይሻገራል። በዚህ ቅሬታ የለንም፤ እንዲያውም እናደንቃቸዋለን፤ ምክንያቱም ጥያቄያቸው በዚያ አያበቃም። አንዱ «የባኽን የጎልድበርግ ቫሪዬሽን» ቢል ሌላው ወዲያው ይነሣበታል፤ የማን አጨዋወት? ግሌን ጉልድ ከሆነስ የትኛው፣ የ1955ቱ ነው የ1981ዱ? ሰውየው አንድ፣ ድርሰቱ አንድ፤ ነገር ግን የፊተኛው ቅጂ 38 ደቂቃ ያህል ሲሆን የኋለኛው 50 ደቂቃ ያልፋል። አንዱ የወጣትነት ጥድፊያውን ያወድሳል፤ ሌላው ሊሞት አንድ ዓመት ተኩል ሲቀረው የያዘውን ዝግታ ያወድሳል፤ ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ይዘልቃል። ማድመጥ ማለት ይኸው ነው። ጎሽ! ብለናል።

(በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የተባለበት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀረው የፈረንጅ ነው።)

ጠባችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚሁ ሰዎች፣ ልብ በሉ እነዚሁ፣ በዓል በደረሰ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን ዜማም ይለዋወጣሉ። ያን ጊዜ በቅጂው ላይ የተጻፈው ስም ምን ይላል? «ያሬዳዊ ዜማ»። አለቀ። የማን ድምፅ ነው? የት ደብር? የየትኛው ቤት ዜማ? ለየትኛው በዓል? ዝም ነው። ለካናዳዊው ፒያኖ መቺ ሁለት ዓመተ ምሕረት ለይተው ይቆጥሩለታል፤ ዕድሜውን በድጓ ለፈጀው የጋይንት መሪጌታ ግን አንዲት ስም ይነፍጉታል። ኧረ ለመሆኑ ይህ ምን ይባላል? ትሕትና ነው እንዳይሉን፤ ሊቁ ስሜን አትጥሩ ብሎ አልለመናቸውም።

እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ስለሆንን ነገሩ ያንገበግበናል። አገራችንን ከላይ ጉና ተጭኖታል፣ ከታች በሽሎና አባይ ያዋስኑታል። የውጭ ሰው ስለዚህ ምድር ሲያወራ የሚቀናው ስለ ድርቅ፣ ስለ ዳገትና ስለ እርዳታ እህል ነው። ስለ ድምፁ የሚያወራ ግን የት አለ? በድምፅ በኩል ከሆነ እኮ ዳር አገር አይደለንም፤ መሐል ነን።

ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ነው። ዛሬ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደብር የሚዜመው ድጓ የቤተልሔም ድጓ ይባላል። ድጓ የተማረ ሰው፣ የትም ይማር የት፣ «አስመሰከረ» ለመባል የሚወጣው ወደዚያች ደብር ነው። ዙር አምባም ያው ጋይንት ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው፤ ዝማሬን ቅዱስ ያሬድ ራሱ እዚያው እንደ ደረሰው ትውፊቱ ይናገራል። ወደ እስቴ ብትዘልቁ ቆማ ፋሲለደስ አለላችሁ፤ የቆማ ዜማ የሚባለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከእኛ ወረዳዎች ውጭም አጫብር አለ፣ የሸዋው ተጉለት አለ። ቃሉ አንድ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ስልቶችም የሁሉም ናቸው፤ የድምፁ አካሄድ፣ አነሣሡና አጣጣሉ ግን ከቤት ቤት ይለያል። ታዲያ የአንድን ሰው ሁለት ቅጂ ለይቶ ለመፍረድ የሠለጠነ ጆሮ ቤተልሔምንና ቆማን በአንድ ጆንያ ከትቶ «ያሬዳዊ» ብሎ ሲሰፋበት ዝም ብለን እንይ? ጆሮው እኮ አልደነቆረም። ጥያቄው ነው የቀረው።

«ምልክቱ በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ የዘማሪው ማንነት ምን ያደርጋል?» ያለን የክፍል ጓደኛ አለ። መልሳችን ይኸው። ምልክቱ በእርግጥ ተጽፏል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ ከቃሉ በላይና በታች ተደርድረዋል፤ ከእነሱም ጋር ዜማውን በአጭሩ የሚጠቁሙ ደቃቅ ፊደላት አሉ። ሥራውን ትውፊት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል፤ ዘመኑም የአፄ ገላውዴዎስ ነው፤ ከ1540 እስከ 1559 መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ምልክት ለሚያውቅ ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቅ ማስተማሪያ አይደለም። ርክርኩን ምን ያህል እንደሚያርገበግቡት፣ ድፋቱ ላይ ድምፁ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ቀለሙ አይነግርህም፤ የሚነግሩህ የኔታ ናቸው፤ እሳቸውም ከየኔታቸው ሰምተው ነው። የፈረንጅ ኖታ የድምፁን ከፍታ በመስመር፣ የቆይታውን ልክ በኖታው ቅርጽ ይወስናል፤ ይህን ሁሉ ወስኖም አድማጩ «ማን ነው የተጫወተው?» ይላል። የእኛ ምልክት ደግሞ ይበልጡን ለአፍና ለጆሮ ትቶታል። እንዲያ ከሆነ «ማን ነው ያዜመው?» የሚለው ጥያቄ በየትኛው ይብሳል? ጓደኛችን ይመልስልን።

ስም መንፈግ ብቻም አይደለም፤ መቁረጥም አለ። ማኅሌት የቆመ ሰው እንደሚያውቀው አንድ ዜማ በአንድ ጊዜ አይፈላም። በመጀመሪያ ቁም ዜማ አለ፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ መቋሚያው ይነሣል፣ ዝማሜ ይሆናል። ከዚያ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው መረግድ ይባላል፤ በመጨረሻ ጽፋቱ ይመጣና ጭብጨባው ይደራል። ለሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚወጣ ዳገት ነው። ታዲያ በእጃችን የሚደርሰው ቅጂ የትኛው ነው? ጽፋቱ! ያውም ሁለት ደቂቃ! ከጥምቀት ታቦት ፊት ሲዘለልና ሲጨበጨብ የተቀዳ፣ መነሻውም መድረሻውም የተቀነጠሰ። ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችን ደስ ብሎናል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ካሜራው የሚሮጠው ወደ ዝላዩ ብቻ ነው የሚመስለው። የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሦስቱን ክፍሎች ጥሎ የመጨረሻውን መዘምራን ብቻ ቆርጦ ቢያመጣ፣ ያንን ልጅ የክላሲካል ወዳጆቻችን ከክፍላቸው ያባርሩታል። ቁም ዜማን ቆርጦ የጣለውን ግን «ተባረክ» ይሉታል።

ከውጭ የመጡት ሰዎች እንኳ እንዲህ አላደረጉም። ጂን ጄንኪንስ በ1960ዎቹ አገራችን ዞራ የቀዳችው የቤተ ክርስቲያን ዜማ በዩኔስኮ ተከታታይ በሸክላ ወጥቷል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዜማ ስብስብ ከነቅጂው ያዜመውን ሊቅ ስም ይናገራል፤ ዜማው የቤተልሔም ትውፊት መሆኑንም ይናገራል፤ ምልክቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ይህን የምንጽፈው ፈረንጅ ለማወደስ አይደለም፤ ፈረንጅ ከቀዳው ይልቅ ያልቀዳው ይበዛል። ግን የቤተልሔምን ስም አሜሪካ ታትሞ ከሚመጣ መጽሐፍ ላይ ማንበብ፣ ከጋይንት ልጅ ስልክ ላይ ግን ማጣት! ይኼ ነው የሚያናድደን።

አሁን ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንምጣ፤ በየመኝታ ክፍሉ «የእኛም ክላሲካል አለን» ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነውና። ሲገባቸው ነው። በ1923 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሙዚቃ ጀምረው፣ ካይሮ ወርደው ተምረው፣ ኋላም ግሸን ማርያም መንኩሰው፣ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ እናት ናቸው። የፒያኖ ሥራዎቻቸው በ2006 «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ከወጡ ወዲህ ዓለም ያዳምጣቸዋል፤ የእኛዎቹም ፈተና ሲያጠኑ ያዳምጧቸዋል። ግን ሸክላ የማሳተሙ ሐሳብ በምን እንደ ጠነከረባቸው የጠየቀ አለ? በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ከደጅ ተኝተው የሚያድሩ ልጆች ያያሉ። እነማን ናቸው ቢሉ የዜማ ተማሪዎች ናቸው፤ ለምነው እየበሉ የሚማሩ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ ነበር። እነዚህንና እንደ እነዚህ ያሉትን ልጆች በሙዚቃዬ እረዳለሁ ብለው ቆረጡ። በ1967 የመጀመሪያው ሸክላ ወጣ፤ የሥራዎቻቸውም ገቢ ለችግረኛ ልጆች መርጃ ዋለ።

እንግዲህ አድማጭ ሆይ፣ በጆሮህ የሰካኸው ያ ለስላሳ ፒያኖ በአንድ ወገን ከአውሮፓ ትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ በሌላ ወገን የድጓ ተማሪ አኩፋዳ አለበት። ስማዳና እስቴ ያደግን ልጆች ያንን አኩፋዳ እናውቀዋለን። ደበሎ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ የሚቆም ልጅ ነው፤ እናቶቻችን የተገኘውን እንጀራ ያጎርሱታል፤ እሱ ደግሞ የለመነውን ቋጥሮ ወደ ጎጆው ይመለስና ማታ ቀለሙን ይወጣል። ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። ከእነዚህ አንዱ ነው ነገ መሪጌታ ሆኖ፣ አንድ ሰው ስልኩን ደቅኖ ድምፁን ወስዶ፣ «ያሬዳዊ ዜማ» ብሎ የሚበትነው። እማሆይ የተማሪውን ችግር አይተው ፒያኗቸውን ሰጡ፤ እኛ የተማሪውን ድምፅ ወስደን ስሙን እንኳ አልመለስንለትም። ጎጆው ቢያፈስ፣ የኔታ ቢታመሙ አድማጩ በምን ይወቅ? ድምፁ የማን እንደሆነ አልተነገረውም።

ሁለት ተቃውሞ ቀርቦልናል። የመጀመሪያው ከመንፈሳውያን ጓደኞቻችን ነው፤ «ዜማ ጸሎት ነው፤ ከሙዚቃ ጋር አትደርድሩት፤ የዘማሪ ስም መጥራትም ውዳሴ ከንቱ ነው» ይላሉ። እሺ፣ ጸሎት ነው። የባኽ የማቴዎስ ሕማማትም ላይፕዚግ ውስጥ ለስቅለት ዕለት ጸሎት የተደረሰ ነው። ግን ጸሎት ስለሆነ ከማን እንደተገኘ አይጠየቅ የሚለው ሥርዓት ከየት መጣ? የአብነት ትምህርት ቤት እኮ የቆመው በዚሁ ጥያቄ ነው! ተማሪው ገና ደጅ ሲደርስ «ከማን ተማርህ? እስቲ በል» ይባላል። ማስመስከር ማለት ራሱ ሌላ ምን ማለት ነው? ደብተራ ማኅሌት ላይ ቆሞ አንድ ድምፅ ሲሰማ «ይኼ የእገሌ ተማሪ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ያንሾካሽካል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይስትም። ስም መደበቁን ያመጣነው እኛ የስልክ ባለቤቶቹ ነን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ቅጂ ከተለመደ ተማሪው የኔታን ትቶ ስልኩን ይይዛል» የሚል ነው። ይህ ሥጋት የእኛም ነው። ቅጂ አያርምም። ተማሪው ሲስት «ተመለስ» አይለውም፤ ደግሞ ደጋግሞ ስሕተቱን እያለማመደው ሊሄድ ይችላል። የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከአሥር ተማሪ ጫጫታ መካከል የአንዱን ጉድለት ይለያሉ። ስለዚህ ቅጂ ይማርበት አላልንም፤ ይደመጥ ነው ያልነው። የሚደመጥም ከሆነ አድማጩን እስከ የኔታ ደጅ የሚያደርስ አድራሻ ይኑረው። ስም የሌለው ቅጂ እኮ ነው የኔታን የሚያስረሳው።

ደግሞ ጊዜው አይታመንም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህም ምድሪቱ በደንብ አላረፈችም። በእንዲህ ያለ ዘመን ተማሪ ይበተናል፤ መምህር ይሰደዳል ወይም ያርፋል፤ ብራና ይቃጠላል። ያን ጊዜ የሚቀረው በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ቅጂው የቆማ ይሁን የቤተልሔም፣ የማን ይሁን፣ ለየትኛው በዓል ይሁን ካልተጻፈበት ኋላ የሚመጣው ተማሪ ምን ያድርገው? ከቀጂው በቀር የሚያውቅ ምስክር አይኖር፤ ቀጂው ደግሞ ረስቶታል።

ለሚቀጥለው እትም «ምን እያዳመጣችሁ ነው?» የሚል ዓምድ ልንከፍት ስለሆነ ዝርዝራችሁን ላኩልን። ባኽም ይሁን፣ ሾፓንም ይሁን፣ እማሆይም ይሁኑ እናትማለን። የዜማ ቅጂ የምትልኩ ግን አምስት ነገር ጻፉ፤ ያዜመው ማን ነው፣ ከማን ተማረ፣ የየትኛው ቤት ዜማ ነው፣ የትና መቼ ተቀዳ፣ ከየት ጀምሮ የት ተቋረጠ። አንዱን ካላወቃችሁ በዓል ስትሄዱ የኔታን ጠይቁና ጻፉ፤ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ፤ ቢያንስ ቡና ያዙ። «ያሬዳዊ ዜማ» ብቻ ተብሎ የመጣውን ለባለቤቱ እንመልሳለን።