ፓምፕን ማስነሣት ብቻውን በቂ አይደለም

ራስበሪ ፓይን የመሰሉ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተሮች መጠናቸው አነስተኛ፣ ፒኖቻቸውም በሶፍትዌር የሚታዘዙ በመሆናቸው ለመስኖ መቆጣጠሪያ ምርምር አመቺ ናቸው። ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው የካታር ወንዝ ተፋሰስ በመስኖ ለሚያለማ ገበሬ ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ሥራ ሲገመገም ፓምፑ በትእዛዝ መነሣቱን ማየት ብቻውን አይበቃም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ፕሮግራሙ ሲቆም ወይም መብራት ሲሄድ ፓምፑ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

የራስበሪ ፓይ ፒን የሚሠራው በ3.3 ቮልት ሲሆን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊአምፔር ነው። ስለዚህ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው በትራንዚስተርና በሪሌይ አማካይነት ነው። ፕሮግራሙ መሐል ላይ ቢደነዝዝ ፒኑ የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዘ ሊቆይ ይችላል፤ ፓምፑም መሥራቱን ይቀጥላል። ሰሌዳው እንደገና ሲነሣ ደግሞ ፒኖቹ በአብዛኛው ፕሮግራሙ እስኪጀምር ድረስ የግብዓት ፒን ሆነው ይቆያሉ፤ በዚያ ጊዜ የሪሌዩን ሁኔታ የሚወስነው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ወረዳው ነው። የአፈር እርጥበት መለኪያም የራሱ አደጋ አለው። በኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚለካ ከሆነ፣ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ደረቅ አፈር ሊነበብ ይችላል። ውጤቱ የባከነ ነዳጅ፣ የተቃጠለ ሞተርና ለጎረቤት ያልደረሰ የውኃ ተራ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፒኑ ባዶ ሲቀር ሪሌዩን እንደጠፋ የሚያቆይ ሬዚስተር፣ የደነዘዘ ሰሌዳን እንደገና የሚያስነሣው በራስበሪ ፓይ ውስጥ ያለ የጥበቃ ሰዓት ቆጣሪ፣ እንዲሁም ከኮምፒውተሩ ነጻ የሆነ የጊዜ ገደብ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃሉ። ከአሳማኝ ክልል የወጣ ንባብም ፓምፑን ማጥፋት እንጂ ማስነሣት የለበትም።

ሌላው ጉዳይ የሶፍትዌሩ ዕድሜ ነው። ፒኖችን በፋይል አማካይነት ማዘዝ የሚያስችለው የቆየ የሊኑክስ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአዲስ የከርነል መንገድ እንዲተካ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ ፒኖቹን አርፒ1 ለተባለ የተለየ ቺፕ ስለሰጠ፣ የቀድሞውን የማኅደረ ትውስታ አድራሻ በቀጥታ የሚጽፉ ፕሮግራሞች በላዩ አይሠሩም። በከርነሉ መንገድ የተጻፈ ሥራ ግን ሰሌዳው ቢቀየር በትንሽ ማሻሻያ ይቀጥላል።

የመመረቂያ ሥራ ሐሳብን ማሳያ ብቻ ነው፣ ይህን ሁሉ መጠየቅ ተማሪውን ያጨናንቃል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ሽቦ መንቀልና ፕሮግራም ማስቆም የደቂቃዎች ሙከራ ነው። አሰላ ደግሞ ለዚህ ልማድ እንግዳ አይደለችም፤ በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው፣ ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮግራም፣ ዘርና መሣሪያ ለገበሬው ከማዳረስ ጋር ሙከራን ያካሄደ ነበር። የፒን ፕሮግራምም ማሳ ከመድረሱ በፊት በብልሽት ሊፈተን ይገባል፤ ሲበላሽ በደኅና የሚቆም ሥርዓት እንጂ ሲታዘዝ ብቻ የሚሠራ ሥርዓት የገበሬውን እምነት አያገኝም።