ቁጥሩ ስለ ሎውሪ ምን ይነግረናል?

በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ፣ ቀደም ሲል ፊዚክስ ያስተማርኳት አንዲት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ ከሁለት አማካሪዎች አንዱን መምረጥ ነበረባት። በእጇ በያዘችው ወረቀት ላይ የሁለቱ ስም፣ የጥናታዊ ጽሑፎቻቸው ብዛትና ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱ ከጉግል ስኮላር ተገልብጦ ሰፍሯል። «ዶክተር፣ የዚህኛው ቁጥር ከዚያኛው በእጥፍ ይበልጣል። ሌላ የማየው ነገር አለ ይላሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረኝም፤ የኦሊቨር ሎውሪን ታሪክ ግን ነገርኳት።

ሎውሪ (1910–1996፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን የሠራ ባዮኬሚስት ነው። በ1951 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር «ጆርናል ኦቭ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ» በተባለው መጽሔት ያሳተመው ጽሑፍ በአንድ ናሙና ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን የመለኪያ ዘዴ ያስረዳል። ፕሮቲኑ አልካላይን በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ከመዳብ ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል፤ ቀጥሎ የፎሊን ሪኤጀንት የሚባለው ኬሚካል ሲጨመርበት ፈሳሹ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። የቀለሙ ድምቀት በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካና መጠኑ አስቀድሞ ከሚታወቅ ፕሮቲን ጋር ይነጻጸራል። ነገሩ ይኸው ነው። «ኔቸር» መጽሔት በ2014 ባወጣው ቆጠራ ግን ይህ ጽሑፍ ከ305,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ አንደኛ ሆኗል። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም የፕሮቲን ቤተ ሙከራ ዘዴዎች ናቸው። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያበሰሩበት የ1953ቱ ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ አልገባም፤ ለመግባት ከ12,000 ጊዜ በላይ መጠቀስ ያስፈልግ ነበር።

ታዲያ ሎውሪ ከዋትሰንና ከክሪክ ይበልጣልን? ሎውሪ ራሱ ጽሑፉ ታላቅ ሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል፤ ያገኘው ምላሽ በውስጡ ደስ እንደሚያሰኘውም አልደበቀም። ፕሮቲን የሚለካ ቤተ ሙከራ ሁሉ የዘዴውን ባለቤት ይጠቅሳል፤ በየእንጀራው ላይ የምጣዱን ሠሪ ስም እንደ መጻፍ ያለ ነው። የዲኤንኤ ቅርጽ በአንጻሩ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ገብቷልና ስለ እርሱ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ምንጩን መጥቀስ አያስፈልገውም። አንድ ግኝት የሁሉም ሀብት ሲሆን ከቆጠራው ይወጣል።

ሎውሪና ባልደረቦቹ ገና በጽሑፋቸው መክፈቻ፣ የፎሊንን ሪኤጀንት ለፕሮቲን መለኪያነት በ1922 ያቀረበው ዉ መሆኑን ይገልጻሉ። ይህ ሺየን ዉ የተባለው ቻይናዊ ባዮኬሚስት ነው። ከሦስት መቶ ሺው ውስጥ ለእርሱ ድርሻ የሚያካፍል ቆጠራ አላየሁም።

እኔን እንደ ፊዚክስ ሰው የሚማርከኝ ሌላው የሎውሪ ሥራ ነው። ከጸጉር የቀጠነ የኳርትዝ ዘንግ አንዱን ጫፍ አጥብቆ አሰረ፤ በነጻው ጫፍ ላይ ቀዝቅዞ የደረቀ ቅንጣት ሥጋ አኖረ፤ ዘንጉ ምን ያህል እንደ ጎበጠም በማይክሮስኮፕ አነበበ። በዚህ ሚዛን የአንዲት የነርቭ ሕዋስን አካል ሳይቀር መዝኖ በውስጧ ያሉትን ኢንዛይሞች ለመለካት በቅቷል። የዚህ ሥራ የመጠቀስ ቁጥር ከመቶ ሺዎቹ አጠገብ አይደርስም።

ቁጥሩን ለማስተካከል የተሞከረው ደግሞ ከእኛው ከፊዚክስ መንደር ነው። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ «ኤች ኢንዴክስ»ን አቀረበ፤ ሃያ ያለው ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። በዚህ ስሌት 305,000 ጊዜ የተጠቀሰውም ጽሑፍ እንደ አንድ ብቻ ይቆጠራል። አንዱ ቆጠራ ሎውሪን ከሁሉ በላይ ሲሰቅለው ሌላው ያንኑ ጽሑፍ ከተራው ጋር ያሰልፈዋል። ሂርሽም በ2020 መለኪያው ያላሰበውን ጉዳት እንዳስከተለ ጽፏል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቁጥር ዘግይቶ ይደርሳል። ካታሊን ካሪኮ የምርምር ገንዘብ ማግኘት ተስኗት በ1995 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋለች። ከድሩ ዋይስማን ጋር ለክትባቶቹ መሠረት የሆነውን ጽሑፍ ያወጣችው በ2005 ሲሆን የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በ2023 ነው። በ1995 ቁጥር ይዞ የሚፈርድ ኮሚቴ ምን ሊያይ ይችል ነበር?

በየዩኒቨርሲቲያችን የማዕረግ ዕድገት ሲታይ ጽሑፍ መቁጠር ቀላል ነው፤ ማንበብ ጊዜ ይፈጃል። ቁጥር ይቅር አልልም፤ በወዳጅነት የሚሰጥ ፍርድ የባሰ ሊሆን ይችላልና። ሆኖም አመልካቹ እመርጠዋለሁ የሚለውን አንድ ጽሑፍ ለኮሚቴው ቢያቀርብ፣ ኮሚቴውም አንብቦ ቢጠይቀው ብዙ ነገር በተገለጠ ነበር። ገንዘብ እየተቀበሉ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚያትሙ መጽሔቶች ገበያም በቀዘቀዘ።

ተማሪዬ የሎውሪን ጽሑፍ ወስዳ በሳምንቱ ተመለሰች። ያስገረማት አንድ ነገር ነበር፦ ጸሐፊዎቹ የዘዴያቸውን ጉድለት፣ ቀለሙ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እንደሚለያይና ከመጠኑ ጋር ፍጹም ተመጣጣኝ እንዳልሆነ፣ ራሳቸው ጽፈውታል። ከዚያም ከሁለቱ አማካሪዎች ሁለት ሁለት ጽሑፎች አውርዳ ጉድለታቸውን የት እንደ ጻፉ ስትፈልግ ሰነበተች። አማካሪዋን እስካሁን አልመረጠችም።