ልጁን ተዉት፤ ቤቱን ገምግሙ!

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አሜሪካ ውስጥ አንድ በሽታ ይነሳል። እስከ ትናንት ማታ ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ የ21 ዓመት ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት ቡናውን ይዞ «ቢ ፕላስ»፣ «ሲ ማይነስ»፣ «ኤፍ» እያለ ማርክ የሚሰጥ ደጋፊ በየሥራ ቦታው ይፈላል። ልጁ ገና መለያውን አልለበሰም። ከአሰልጣኙ ጋር በወጉ አልተጨባበጠም። የሚከራየውን ቤት እንኳን አላገኘም። ካርዱ ግን ወጥቷል፤ አልፏል ወይም ወድቋል!

የማወራው ስለ አሜሪካን ፉትቦል ድራፍት ነው። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ኤንኤፍኤል የሚባለው ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚመጡ ልጆችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ሰባት ዙር ነው፣ በጠቅላላው 250 ገደማ ልጅ ይመረጣል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ልጁ የት መሄድ እንደሚፈልግ አይጠየቅም። እኛ በለመድነው እግር ኳስ አርሰናል ልጁን ሲፈልግ ልጁም አርሰናልን መፈለግ አለበት። እዚህ ግን ስምህ ተጠራ፣ ኮፍያ ተሰጠህ፣ በቃ የዚያ ቤት ልጅ ሆንክ። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያዙልኝ እንግዲህ፤ ልጁ ቤቱን አልመረጠም። ቤቱ ነው እሱን የመረጠው። ታዲያ በማግስቱ ማርክ የሚለጠፍበት ለምን ልጁ ላይ ይሆናል? እኔ የምለው ይሄ ነው፦ በድራፍት ማግስት ልጁን መገምገም ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ማርኩ ልጁ ላይ ሲለጠፍ ባለቤቱ፣ ማናጀሩ፣ አሰልጣኙና ሐኪሙ ሳይፈተኑ ያልፋሉ።

ማርክ ሰጪዎቹስ ስንት አመጡ?

እስኪ እነሱን ደግሞ እናርማቸው። በ2000 ኒው ኢንግላንድ ቶም ብሬዲን የመረጠው በ199ኛ ተራ ነው። ከእሱ በፊት ስድስት ኳርተርባኮች ተጠርተዋል። (ኳርተርባክ ማለት ኳሷን የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው፣ ሲሸነፉ ደግሞ የሚሰደበው ሰውዬ ነው።) ብሬዲ ሰባት ሱፐር ቦውል በላ። በዚያ ሚያዝያ ስለ 199ኛው ልጅ ብሎ የጨፈረ ደጋፊ ካለ እጁን ያውጣ!

በ2012 ሲያትል ብሩስ ኧርቪንን፣ ቦቢ ዋግነርንና ረስል ዊልሰንን ሲመርጥ ከማርክ ሰጪዎቹ መሃል «ኤፍ» ያለውም አልጠፋም። ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ በ2014 መጀመሪያ፣ ያ «የወደቀ» ቡድን ዴንቨርን 43 ለ 8 ጠርጎ ዋንጫውን አነሳ።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የፊላደልፊያው ነው። በ1999 ደጋፊዎች አውቶቡስ ተሳፍረው ኒው ዮርክ ድረስ ሄዱ። ሪኪ ዊሊያምስ የሚባለው ሯጭ እንዲመረጥላቸው ነበር የፈለጉት። ቡድናቸው በሁለተኛ ተራ ዶኖቫን ማክናብን ጠራ። ልጁ በሕይወቱ ትልቁ ቀን መድረክ ላይ ሲወጣ ጮኹበት። እሱ ምን አጠፋ? ስሙ ተጠራ እንጂ!

ማክናብ ያንን ቡድን አምስት ጊዜ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ አንድ ጊዜ ለሱፐር ቦውል አደረሰው። ዊሊያምስን የወሰደው ኒው ኦርሊንስ ደግሞ የዚያን ዓመት ቀሪ ምርጫዎቹን በሙሉ፣ ከቀጣዩ ዓመትም የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙር ምርጫውን ከፈለበት። በዚያው ዓመት 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙ ማይክ ዲትካም ተባረረ። ዊሊያምስ ራሱ ቀሽም ሆኖ ነው? አይደለም! በ2002 ማያሚ ሄዶ የሊጉ አንደኛ ሯጭ ሆኗል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

«የተማረ ሰው ምን ይላል?» ለምትሉ ደግሞ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ታለር የሚባሉ ምሁራን አሉላችሁ፤ ታለር በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰውዬ ነው። ድራፍትን ለብዙ ዓመታት አጠኑት። በአንድ ዓይነት ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ልጆች፣ ቀድሞ የተመረጠው ከሱ ቀጥሎ ከተመረጠው በልጦ የሚገኘው ከ100 ውስጥ 52 ጊዜ ያህል ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ እኮ 50 ታገኛላችሁ! ይሄ እንግዲህ የቡድኖቹ ውጤት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ፊልም ሲያዩ የሚከርሙት፣ ሐኪም የሚያስመረምሩት፣ ደሞዝ የሚበሉበት ሰዎች። ሶፋ ላይ የተቀመጠው ደጋፊማ ስንት ያመጣ ይሆን?

የዋሽንግተን ትምህርት

ይህን ታሪክ የዲሲ ሐበሻ ከኔ በላይ ያውቀዋል። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ያለው እዚያ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደጉት ልጆች አባታቸው በማንቸስተር ዩናይትድ ሲቃጠል እነሱ ደግሞ በዋሽንግተኑ ቡድን ይቃጠላሉ። ያ ቡድን ያኔ ሬድስኪንስ ይባል ነበር፤ ስሙን በ2020 ጣለው፣ ከ2022 ወዲህ ኮማንደርስ ሆኗል።

በ2012 ዋሽንግተን ለሴንት ሉዊስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጥቶ ሁለተኛውን ተራ ገዛ። ሮበርት ግሪፈን የሚባለውን ኳርተርባክ መረጠበት። ከተማው አበደ! በዚያው ድራፍት በአራተኛ ዙር ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ሲጨምር ግን ደጋፊው «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» ብሎ አጉረመረመ።

የግሪፈን የመጀመሪያ ዓመት ጉድ ነበር። ቡድኑ ምድቡን አሸነፈ፤ እሱም በማጥቃት በኩል የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። «ኤ ፕላስ» ሰጥተው የነበሩት ሁሉ ደረታቸውን ነፉ።

ከዚያስ? ዲሴምበር ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጥሎ ማለፍ እያነከሰ ተጫወተ፤ አገር ምድሩ በቴሌቪዥን እያየው። ከሜዳ ያወጣው የለም። ሜዳው ራሱ ሣር ነው ለማለት የሚያሳፍር ነበር። በመጨረሻው ሩብ ጉልበቱ እዚያው ከዳው። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ አልሆነም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም ተባረረ።

እስኪ ንገሩኝ፤ ይሄ የማን ማርክ ነው? የልጁ?

በዲሴምበር 2014 ሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ሜዳ ድረስ መጣ። ለሳንቲም መወርወሪያው አምበል አድርጎ የላከው በዚያ ንግድ ባገኛቸው ምርጫዎች የመረጣቸውን ስድስት ልጆች ነበር። ስድስቱም ተሰልፈው መሃል ሜዳ ሄዱ፤ ከዚያ 24 ለ 0 አሸነፉ። ስድብ ማለት ይሄ ነው! ግን አትቸኩሉ። ያው ሴንት ሉዊስ ከ2012 እስከ 2015 አንድም ዓመት ከተሸነፈው በላይ አላሸነፈም። ወረቀት ላይ የዘመኑን ምርጥ ንግድ ነግዶ ስምንት ድል እንኳን አልሞላም። ልጅ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ማሳደግ ሌላ።

የተጉረመረመበት ከዝንስስ? በ2015 ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ምድቡን አሸነፈላቸው። በ2018 ሚኒሶታ 84 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳንቲም ሳትቀር ዋስትና ያለው ኮንትራት ሰጥቶ ወሰደው።

ዳን ስናይደር ቡድኑን የገዛው በ1999፣ የሸጠው በ2023 ነው። በእነዚያ 24 የውድድር ዘመናት ቡድኑ በጥሎ ማለፍ ያሸነፈው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ሁለት! በየሚያዝያው ግን ደጋፊው የሚያርመው የአዲሱን ልጅ ካርድ ነበር። ልጆቹ መጡ፣ ሄዱ፤ ካርድ ሳይሰጠው 24 ዓመት የተቀመጠው ሰውዬ ቡድኑን ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጦ ወጣ።

ቤቱ ሲለወጥስ? በ2023 አዲስ ባለቤት፣ በ2024 አዲስ ጀነራል ማናጀርና አዲስ አሰልጣኝ መጡ። ጄይደን ዳንኤልስ በሁለተኛ ተራ ተመረጠ። ያለፈው ዓመት 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈው ቡድን 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ በጥሎ ማለፍ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረሰ። የ24 ዓመቱን ያህል በአንድ ዓመት! ልጁ ተአምር ነው፤ አልክድም። ግን እዚህም ካርዱን አትዝጉት። በኖቬምበር 2025፣ ደግሞ ከሲያትል ጋር፣ ያለቀለት ጨዋታ ላይ በመጨረሻው ሩብ ሜዳ ውስጥ ቆይቶ ክርኑ ወለቀ፤ ቡድኑም ጥሎ ማለፍ ሳይደርስ ቀረ። አሁንም መጠየቅ ያለበት ቤቱ ነው፤ ያን ሰዓት እዚያ ምን ይሠራ ነበር?

ቤቱን የገመገመ ልጅ

በታሪክ አንድ ልጅ ይህን ነገር ገልብጦት ነበር። በ2004 ኢላይ ማኒንግና ቤተሰቡ ሳንዲያጎን «እባካችሁ አትምረጡን» አሉት። ቤቱን አይተው አልወደዱትም። ሳንዲያጎ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ተጮኸበት፤ በዚያው ቀን ወደ ኒው ዮርክ ጃያንትስ ተዘዋወረ። ሁለት ሱፐር ቦውል በላ። በእሱ ምትክ ሳንዲያጎ የሄደው ፊሊፕ ሪቨርስ ሲጫወት የሚያምር ልጅ ነበር፤ ከዚያ ቡድን ጋር 16 የውድድር ዘመን ለፍቶ ሱፐር ቦውልን አላያትም። ደጋፊው ሲጮህበት የነበረው እንግዲህ ትክክለኛውን ጥያቄ በጠየቀው ልጅ ላይ ነው።

«ተው እንጂ፣ ጨዋታ ነው!»

ይህን የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ትኬት የምገዛው እኔ፣ መለያ የምገዛው እኔ፤ አስተያየት መስጠት መብቴ ነው!» ትክክል! መብትህ ነው ወዳጄ። እኔ ዝም በል አላልኩም፤ ጩኸትህን አድራሻው ላይ አድርሰው ነው የምለው። ድራፍትን ትልቅ ትርኢት ያደረጉት ሰዎች (በ2024 ዲትሮይት ላይ ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኝቷል) ካንተ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ስለ ልጁ እንድትጨቃጨቅ። ስለ ልጁ ስትጨቃጨቅ ስለ ትኬቱ ዋጋ፣ ስለ ሜዳው ሣር፣ በየሁለት ዓመቱ ስለሚባረረው አሰልጣኝ አትጠይቅም። የተስፋ ሽያጭ ነው፤ ተስፋው ሲከሽፍ ደግሞ ጥፋተኛው ተዘጋጅቷል፤ ልጁ!

እኛ ሐበሾች ደግሞ ይህ ነገር ሊሸተን ይገባል። «ከክፍልህ ስንተኛ ወጣህ?» እየተባልን ነው ያደግነው። ልጁ 47ኛ ሲወጣ የሚገረፈው ልጁ ነው። አስተማሪው በሳምንት ስንት ቀን እንደገባ፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደተከፋፈለ የጠየቀ ወላጅ ስንት አያችሁ? ካርድ ለልጅ ብቻ የሚሰጥበት አገር ትምህርት ቤቱ አይሻሻልም። ካርድ ለጀማሪ ብቻ የሚሰጥበት ቡድንም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ምን እንገምግም?

በድራፍቱ ሌሊት በእርግጠኝነት የሚታወቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ዋጋው ነው። ልጁ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፤ ስንት እንደተከፈለበት ግን ሁሉም ያውቃል። በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፍሎ በሦስተኛ ተራ ትሬይ ላንስን መረጠ፤ በ2023 በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ሰጠው። በመሃሉ፣ በ2022፣ ከ262 ልጆች የመጨረሻ አድርጎ የመረጠው ብሮክ ፐርዲ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል አደረሰው። ማንም ሰው ፐርዲን ሊተነብይ አይችልም ነበር። ለአንድ ልጅ የሦስት ዓመት ተስፋ መክፈል ቁማር መሆኑ ግን የዚያኑ ሌሊት ይታወቅ ነበር። «ኤፍ» መስጠት ካማራችሁ እዚያ ላይ ስጡ።

ሁለተኛው ቤቱ ነው። ባለቤቱ ስንት አሰልጣኝ አባረረ? ኳርተርባኩን ከጉዳት የሚጠብቁት ተከላካዮች እነማን ናቸው? ልጁ ሲጎዳ «ዛሬ አትጫወትም» የማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሜዳው ላይ ሣር አለ? እነዚህን ለመመለስ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ጋዜጣ ማንበብ ይበቃል።

ልጁንስ? ልጁን ሦስት ዓመት ተዉት። ይሳሳት፣ ይውደቅ፣ ይማር። ከሦስት ዓመት በኋላም ካልሆነለት ያኔ እንነጋገራለን፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚታረመው የመረጠው ሰው ካርድ ነው።

በሚቀጥለው ሚያዝያ የአንድ ልጅ ስም ሲጠራ አንድ ሰው ዞር ብሎ «ስንት ሰጠኸው?» ይላችኋል። መልሱን ይኸው ከአሁኑ፦ «ለልጁ ገና ነው። ለባለቤቱ ግን እስክሪብቶ አምጣልኝ!»