ሸክላ ለጆሮ ወይስ ለሣጥን?

የጃዝ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች ሲገናኙ የሚያነሡት ጨዋታ እያደር መለወጡን ሳናስተውል አልቀረንም። ስለ ሳክስፎን ነፊው ትንፋሽና ስለ ከበሮ መቺው እጅ መነጋገር ቀርቶ፣ ሸክላው ከመጀመሪያው እትም ወገን ነውን? በመካከሉ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሰፈረው የኒውዮርክ አድራሻ የትኛው ነው? የሽፋኑ ማዕዘን ታጥፏልን? መባባል ሆኗል። እንዲያውም አንዳንዱ ዋጋው እንዳይወርድበት በመስጋት የታሸገበትን ላስቲክ ሳይቀድ ቈልፎ ያኖረዋል። ጠጅ ጥሎ ለእንግዳ ጋኑን ብቻ የሚያሳይ ባለቤት ቢኖር ጎረቤት ምን ይለው ነበር? እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን።

የመጀመሪያ እትም ወዳዶች ማስረጃ የላቸውም አንልም። ቴፑ ሳያረጅ የተቀረጸ ሸክላ ከኋለኛው ይልቅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹም (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) አንዳንድ አሳታሚዎች በሞኖ የተቀዳውን የቆየ ሙዚቃ በመሣሪያ እየከፈሉ ስቴሪዮ ነው ብለው ሸጠዋል፤ ከዚህ ዐይነቱ መሸሽ ተገቢ ነው። ከበርሊን የመጣው አልፍሬድ ላየን ከባልንጀራው ጋር በ1939 በኒውዮርክ ባቋቋመው በብሉ ኖት ሸክላዎች ላይም፣ ዜማው ካለቀ በኋላ በሚቀረው ባዶ ጠርዝ፣ የቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ስም የመጀመሪያ ፊደላት ታትመው ይገኛሉ። ይህን ምልክት የሚፈልግ ሰው የእጅ ጥበብን ማክበሩ ነውና አንነቅፈውም። ነቀፋችን ምልክቱን አይቶ መርፌውን ሳያሳርፍ ወደ መደርደሪያው በሚመልሰው ላይ ነው።

የመጀመሪያው እትም ሁልጊዜ እውነተኛው ነው የሚለው እምነት ግን በገዛ ታቦቱ ፊት ይረታል። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ለኮሎምቢያ ኩባንያ የቀዳውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን የማይመኝ ሰብሳቢ የለም። ነገር ግን ሸክላው የተዘጋጀበት ዋና ቴፕ በተቀዳ ጊዜ መሣሪያው ዝግ ብሎ ይዞር ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ዜማዎች ከተጫወቱበት ቃና ጥቂት ከፍ ብለው ታተሙ፤ ስሕተቱም የታረመው በ1992 በወጣው እትም ነው። በቀደሙት እትሞች ላይ የሁለተኛው ገጽ ሁለት ዜማዎች ስም ሳይቀር ተለዋውጦ ነበር። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጀመሪያውን እትም የገዛ ተማሪ ከሸክላው ጋር አብሮ ፒያኖ ልምታ ቢል፣ የተበላሸው ፒያኖው ይመስለዋል። በርካሽ የታረመውን የገዛው ጓደኛው ግን ከማይልስ ጋር በአንድ ቃና ይገናኛል።

ስብስቡ በምን ይጀመር ለሚለን ተማሪ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የሽፋኑን ጀርባ ያንብብ። የተጫዋቾቹ ስም እዚያ ተዘርዝሯልና። በዚሁ በማይልስ ሸክላ ላይ ባስ የሚጫወተው ፖል ቼምበርስ ነው። ይህን አንድ ስም የተከተለ ሰው ጆን ኮልትሬን በ1957 ለብሉ ኖት የቀዳውን «ብሉ ትሬን»ን፣ ከዚያም የፒያኖ ተጫዋቹን የሶኒ ክላርክን «ኩል ስትራቲን»ን፣ ከዚያም በ1960 የወጣውን የኮልትሬንን «ጃይንት ስቴፕስ» ያገኛል። አንድ ሰው ለሦስት ልዩ ልዩ መሪዎች እንዴት እንደ ታዘዘና በዚያው መታዘዝ ውስጥ እንዴት ራሱን እንዳልጣለ ጆሮ ራሱ ይመረምራል። ቼምበርስ በ1969 በ33 ዓመቱ ሞቷል፤ ስሙን በሽፋኑ ፊት በትልቁ ተጽፎ የሚያገኙት በጥቂት ሸክላዎች ብቻ ስለ ሆነ፣ ፊቱን ብቻ የሚያይ ሰብሳቢ አያውቀውም። አራቱንም ሸክላዎች በኋለኛ እትም መግዛት የአንዱን የመጀመሪያ እትም ዋጋ አይሞላም።

ይኸው የሣጥን ፍቅር የአገራችንንም ሸክላ ስለ ነካ ዝም ማለት አልቻልንም። አቶ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ ደፍረው ከ1969 እስከ 1975 ያሳተሟቸው ሥራዎች፣ ከእነርሱም መካከል በ1974 የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ»፣ ካሴት በመጣ ጊዜ ከየቤቱ ጥግ ተጣሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የዘመኑን ሙዚቃ በተከታታይ ሲያወጣና አራተኛውን ቅጽ ለሙላቱ ሲሰጥ፣ የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናውን ሸክላ መፈለግ ጀመሩ። ዋጋው ወጣ፤ ሸክላውም ተከትሎ ከአገር ወጣ። ሻጩን አንወቅስም፤ ልጅ የሚያስተምርበት ገንዘብ ያገኘ ሰው ሸክላውን ቢለውጥ መብቱ ነው። ነገር ግን ከመሸጡ በፊት አንድ የሙዚቃ መምህር ጠርቶ ድምፁን ቢያስቀዳ፣ የሽፋኑንም ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ ቢያስነሣ፣ ከዋጋው አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም። መምህራንም ጥሪውን ሳይጠብቁ በየሠፈራቸው ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ሲሄዱም ንጹሕ ጨርቅና አዲስ መርፌ ይያዙ፣ ሃምሳ ዓመት የተኛ ሸክላ አቧራው ሳይጠረግ አይጫወትምና።